አዲስ ቤት መቼ ይገዛ? የማስታወቂያ ገጻችሁን የሚመለከት ጥያቄም አለን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓል በተቃረበ ቁጥር የጋዜጣችሁ ገጾች በአፓርታማ ማስታወቂያ ይሞላሉ። «ዋጋ ሳይጨምር ይፍጠኑ»፣ «የቀሩን ቤቶች ጥቂት ናቸው»፣ «ሙሉ ክፍያ ለሚፈጽሙ ልዩ ቅናሽ» ይላሉ። ቤት መቼ ልግዛ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ከእነዚህ ገጾች የሚያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በሕንፃ ግንባታ ቁጥጥር፣ በርክክብ ምርመራና በውል ዝግጅት የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያወጣበትን ውሳኔ የበዓል ቅናሽ ሲወስንለት ማየት ያሳስበናል። የግዢ ጊዜ የሚታወቀው ሕንፃው ከደረሰበት ደረጃና በላዩ ካለፈው ክረምት ነው ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን እናስረዳ።

ከቅናሹ እንጀምር። በርክክብ ቀን ቢከፈል ዋጋው 10 ሚሊዮን ብር የሆነ ቤት አለ እንበል። ሙሉውን ዛሬ ለሚከፍል 25 በመቶ ስለሚቀነስለት 7.5 ሚሊዮን ይከፍላል። ቤቱ በ24 ወር ቢደርስ ገንዘቡ በየዓመቱ ወደ 15.5 በመቶ አፈራ ማለት ነው። ርክክቡ ተጓትቶ 48 ወር ቢፈጅ ግን ያው ቅናሽ በዓመት ወደ 7.5 በመቶ ይወርዳል። ይህም ባንኮች ለተራ ቁጠባ ከሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ፣ ከ7 በመቶ፣ እምብዛም አይርቅም። ቤተሰቡ በወር 40 ሺህ ብር ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ በተጨመሩት ሁለት ዓመታት 960 ሺህ ብር ያወጣል። ስለዚህ «ስንት ተቀነሰልኝ?» ከማለት በፊት «ይህ ሕንፃ በቃሉ ይደርሳል ወይ?» ማለት ይቀድማል። ሙሉውን የከፈለ ሰው ሥራው ሲጓተት «ቀጣዩን ክፍያ አልከፍልም» የሚልበት አቅም እንደሌለውም አይዘንጋ።

ቀድሞ መግዛት ከዋጋ ንረት ያድናል የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው፤ ውሉ ዋጋውን በእርግጥ ካሰረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶና ብሎኬት እዚሁ የሚመረቱ ናቸው። ሊፍት፣ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል፣ የመዳብ ገመድ፣ ጄኔሬተር፣ አብዛኛው የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ግን በዶላር ይገባል። ከዚህ የተነሳ የምንዛሪ ጫና የሚበረታው በማጠናቀቂያው ሥራ ላይ ነው። «ስትራክቸሩ አልቋል» የሚለው ማስታወቂያ ገዢውን የሚያዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ሶሌታው (በየፎቁ የሚሞላው የኮንክሪት ወለል) እስከ ጣሪያ የተሞላ ሕንፃ ከሩቅ ያለቀ ይመስላል፤ በእኛ ግምት ግን ከወጪው ግማሽ ያላነሰው ገና አልወጣም፣ ያውም ውድ የሆነው ግማሽ ነው።

ገዢው ከመፈረሙ በፊት በውሉ ውስጥ ሁለት አንቀጾችን ፈልጎ ያንብብ። አንደኛው የዋጋ ማስተካከያ ነው። «የግንባታ ዕቃ ዋጋ ከጨመረ ሻጩ ዋጋውን ያሻሽላል» የሚል ጣሪያ የሌለው ዓረፍተ ነገር ካለ ቀድሞ መክፈል ከንረት አላዳነም። ሁለተኛው «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርንም ሆነ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ከአቅም በላይ ኃይል አድርጎ አይቆጥርም፤ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር። ብዙ ውሎች የሲሚንቶ እጥረትን፣ የውጭ ምንዛሪ ማጣትንና የዋጋ መናርን በዚህ አንቀጽ ሥር የሚዘረዝሩት ለዚሁ ነው። ገዢው ሲፈርም ሕጉ የሰጠውን መከላከያ በገዛ እጁ ያስረክባል። እነዚህ ቃላት እንዲሰረዙ መጠየቅ ነውር የለውም። ሻጩ እምቢ ካለ ደግሞ የመዘግየት ሥጋቱን ማን እንደተሸከመ በግልጽ ታወቀ ማለት ነው።

ያልተሠራን ቤት ለማስረከብ የሚደረግ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2876 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል ተደርጎ ይታያል። ይህ ለገዢው ይጠቅመዋል። በቁጥር 3039 ሠሪው ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጽናቱ ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም አይጸናም። «ዋስትናችን አንድ ዓመት ነው» የሚል ውል የፈረመ ሰው የሽንት ቤቱ ውሃ መልቀቂያ ወይም የበሩ እጀታ ሲበላሽ አንድ ዓመቱ ሊሠራበት ይችላል። ምሰሶው ወይም መሠረቱ ቢሰነጠቅ ግን አሥር ዓመቱ አለለት።

ከገንዘብ በፊት ወረቀት ይታያል። የቦታው ካርታ በማን ስም ነው? ሻጩ ሌላ፣ ባለይዞታው ሌላ የሆነበት የጋራ ልማት በከተማችን ብዙ ነው። ባለቦታው መሬቱን ያመጣል፣ አልሚው ይገነባል፣ ፎቆቹን ይካፈላሉ። ችግር የለውም። ግን ባለቦታው ለአልሚው የሰጠው ውክልና በውልና ማስረጃ የጸደቀና «መሸጥ» የሚለውን ቃል በግልጽ የያዘ መሆኑን፣ የሚገዛው ቤትም በአልሚው ድርሻ ውስጥ መውደቁን ማየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የግንባታ ፈቃዱ ይጠየቅ። በሕንፃ አዋጁ መሠረት ፈቃዱ የተሰጠው ለተወሰነ የፎቅ ብዛት ነው። ፈቃዱ ጂ ፕላስ ዘጠኝ ሆኖ ሳለ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚሸጥ ከሆነ ያ ቤት በሕግ ፊት የለም፤ የራሱ ካርታም አይወጣለትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻም በይዞታው ላይ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራ። መያዣ ካለ የእያንዳንዱ ገዢ ክፍያ ሲጠናቀቅ ባንኩ ያን ቤት የሚለቅበት ደብዳቤ የውሉ አካል ይሁን። ይህ ሁሉ ሳይሟላ የሚሰጥ «የቦታ መያዣ» ክፍያ ትንሽም ብትሆን አይመከርም፤ አንዴ ከተከፈለች ገዢው ወረቀቱን የሚያየው ላለመተው ምክንያት እየፈለገ ነውና።

ዋጋ ሲነጻጸርም ሁለት ነገር ይጠራ። በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ካሬ ብዙ ጊዜ ግሮስ ነው፤ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ ገብቶበታል። መቶ ካሬ ተብሎ ከተሸጠው ሃያው የጋራ ከሆነ ቤተሰቡ የሚኖርበት፣ ኔት የሚባለው፣ ሰማንያ ነው። በካሬ 100 ሺህ ብር የተባለውም በተጨባጭ 125 ሺህ ይሆናል። ሁለተኛው ቫት ነው። 10 ሚሊዮን የተባለው ዋጋ 15 በመቶውን ካላካተተ የሚከፈለው 11.5 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ ከማንኛውም የበዓል ቅናሽ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ሳለ በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ ግን አንድም ቃል አይባልበትም።

አሁን ወደ ሕንፃው እንሂድ። ገና መሠረቱ በሚቆፈርበት ጊዜ ገዢው በዓይኑ አይቶ የሚያውቀው ነገር ትንሽ ነው። በቦሌና በአቃቂ ብዙ ቦታዎች ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ተቆርጦ ካልወጣና በተመረጠ ሙሌት ካልተተካ የመሬት ወለሉ፣ አጥሩና ከሕንፃው የሚወጣው የፍሳሽ መስመር ይሰበራሉ። ስለዚህ በዚህ ደረጃ የሚገዛ ሰው የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን ይጠይቅ፣ የሚያነብለትም መሐንዲስ ይዞ ይሂድ።

ምሰሶና ሶሌታ በሚወጣበት ጊዜ የግንባታው ፍጥነት ራሱ መረጃ ይሰጣል። ገንዘብ ያልቸገረው ተቋራጭ አንድ ፎቅ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያወጣል። ገዢው ቦታውን በሁለት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይይ፤ ያውም በሥራ ቀን ጠዋት እንጂ የሽያጭ ሠራተኛው በሚቀጥረው እሁድ አይሁን። በመሃል አንድ ሶሌታ እንኳ ካልተጨመረ፣ ከላይ የቆመው ፌሮ ዝገቱ እየተላጠ የሚረግፍ ከሆነ፣ የባሕር ዛፍ ድጋፉ ግራጫ ሆኖ ሶሌታው ላይ ሣር ከበቀለ ሥራው ቆሟል፤ የቢሮው ማብራሪያ ምንም ይሁን። ስስ ቡናማ ዝገት በራሱ አያስፈራም፤ የሚያሳስበው ፌሮውን እየበላ የሚያቀጥነው ነው። ቅርጹ በተነቀለበት ምሰሶ ግርጌ ጠጠሩ ያለ ሲሚንቶ ተራቁቶ የሚታይበት ቀዳዳ ካለ ኮንክሪቱ ሲፈስ በደንብ አልተነዘረም። በተለይ ቀዳዳው ሥር ፌሮ ከታየ ፎቶ ይነሣና ለአማካሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ በልስን ሲሸፈን ማንም አያየውም። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን በሚደረግ የኪዩብ ሙከራ (ከፈሰሰው ኮንክሪት የተወሰደን ናሙና ጨፍልቆ በመለካት) ነው። ውጤቱ በየፎቁ በአማካሪው ቢሮ ይገኛል፤ ገዢ ቢጠይቅ የሚከለከልበት በቂ ምክንያት የለም።

በእኛ እምነት ገና እየተሠራ ያለ ቤት ለሚገዛ ሰው ከሁሉም የተሻለው ጊዜ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመሩ በግድግዳው ተቀብሮ፣ ልስኑ ግን ገና ያልተመታበት ሳምንት ነው። የመዋቅሩ ሥጋት በአብዛኛው አልፏል፤ ፈቃዱና የፎቁ ብዛት በዓይን ይታያል፤ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሜትር ዘርግቶ ኔት ካሬውን መለካት ይቻላል። ለማስተካከልም ገና አልረፈደም። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ቤት ከመሠረቱ ጊዜ ይልቅ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ልዩነቱ የሚገዛው እውቀት ስለሆነ እኛ ውድ ነው አንልም።

በዚያ ጉብኝት የሚደረገው ሥራ የአንድ ግማሽ ቀን ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተደግፎበት ፎቶ ይነሣ፤ በኋላ ቁም ሳጥን ሲሰቀል ቧንቧና ገመድ ከመብሳት ያድናል። የውሃ መስመሩ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተሞልቶ ሲፈተን ገዢው ወይም መሐንዲሱ ይገኝ። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ከወረደ የሆነ መጋጠሚያ ያፈስሳል፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ያን መጋጠሚያ መፈለግ ግማሽ ግድግዳ ያስፈርሳል። ቆየት ብሎ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ የውሃ መከላከያ ከተቀባ በኋላ፣ ከሴራሚኩ በፊት፣ የወለሉ ፍሳሽ ማስወጫ በጨርቅ ተወትፎ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይተኛበት፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ከሥር ያለው ቤት ጣሪያ ይታይ። የወለሉም ተዳፋት ወደ ማስወጫው በሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሁን። በከተማችን አዲስ ቤቶች ከሚቀርቡልን ቅሬታዎች የመታጠቢያ ቤት ስርገት ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። መንስኤውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይህ ሙከራ መዘለሉ ነው።

ስለ ምጣዱም እዚሁ ማንሳት አለብን፤ የቤት ዲዛይን አዘውትሮ የሚረሳው እሱን ነውና። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጎትታል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው፤ የተራ ሶኬት የመጨረሻ አቅም ማለት ነው። ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር ሲሰካ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ እሳት የሚነሣውም እንዲህ ነው። ምጣዱ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና ባለ 25 አምፔር ማቋረጫ ያስፈልገዋል። ምጣዱ፣ የውሃ ማሞቂያውና የልብስ ማጠቢያው አብረው ቢሠሩ ወደ 7.5 ኪሎ ዋት፣ በአንድ ፌዝ ከሆነ 34 አምፔር ይደርሳል። ስለዚህ ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ መሆን አለመሆኑን ከልስን በፊት መጠየቅ ጥቂት ሜትር ገመድ ያስጨምራል። ከልስን በኋላ ግድግዳ ያስቆርጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው የማጠናቀቂያ ጊዜ ለገዢ አስቸጋሪ ነው። ሁሉ ነገር ያምራል፣ የሚታይ ነገር ግን ይቀንሳል። ተቋራጩ የርክክብ ቀን ስለደረሰበት ሊሾው (ከወለል ንጣፉ ሥር የሚፈስሰው የሲሚንቶ ሽፋን) ሳይደርቅ ወለሉን፣ ልስኑ ሳይደርቅ ቀለሙን ይቸኩልበታል። በበጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊሾ ለመድረቅ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ያለው ደግሞ ለእያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሳምንት። አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ሊሾ እንግዲህ ስድስት ሳምንት ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ከዚህም ይበልጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ወለሉ ላይ ተለጥፎ ይደር። በማግስቱ ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ፓርኬ አይነጠፍበትም፤ ቢነጠፍ ያብጣል፣ በሩም ወለሉን ይግጣል።

ከሁሉ በላይ የምናምንበት መርማሪ ግን ክረምት ነው። አንድም ክረምት በላዩ ያላለፈ ሕንፃ አልተፈተነም። ያለቀ ወይም ሊያልቅ የተቃረበ ቤት የሚፈልግ ሰው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ባሉት ሳምንታት ይዙር፤ ዝናቡ ያልደበቀውን ያያል። በላይኛው ፎቅ ጣሪያው ከጣሪያ ጫፍ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ይመልከት፤ ቡናማ ክብ ካለ የጣሪያው የውሃ መከላከያ ወደ ላይ አልታጠፈም ወይም አሸንዳው ተደፍኗል። በመስኮት ሥር ቀለሙ ከተፈለፈለ የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ አላዘነበለም ወይም ጠርዙ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጭረት የለውም። ከዞኮሎ (ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) በላይ ነጭ ጨው የወጣበት ግድግዳ እርጥበት ከሥር እየሳበ ነው። በረንዳው ከሳሎኑ ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካላለ ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳሎኑ ይረጥባል። ከመሬት በታች ያለው የመኪና ማቆሚያም ከከባድ ዝናብ ማግስት ይታይ፤ ግድግዳው ላይ የውሃ ልክ ምልክት ካለ ፓምፑ አይበቃም ወይም ጨርሶ የለም።

ያንኑ ቤት በጥር ለሚያይ ሰው እነዚህ ሁሉ ተቀብተዋል። በበጋ የሚገዛ ካለ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ሌላው ግድግዳ የቆየ ቀለም ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ፣ ከላይ ያለውንም ቤት ያሳዩት። ጎማ ዘርግቶ በመስኮቱ ላይ ለሃያ ደቂቃ ውሃ ማፍሰስም ክረምቱን በመጠኑ ይተካል።

ስለዚህ ያለቀ ቤት ለሚገዛ የምንመክረው አቆጣጠር እንዲህ ነው። በክረምት መጨረሻ ማየት፣ ጉድለቱን በዝርዝር ጽፎ ማስፈረም፣ ጥገናው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ እንዲሠራ ማድረግ፣ የካቲት ላይ መረከብ። ዝናቡ ሳያባራ ስንጥቅን ሞልቶ የቀባ ተቋራጭ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ቆልፎበታልና ያው ቦታ በፋሲካ ይፈለፈላል።

የውሃና የመብራት ነገር የሚጣራው ደግሞ በተቃራኒው በበጋ ነው፤ ፈረቃው የሚከፋው ያኔ ስለሆነ። አርባ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ውስጥ በየቤቱ አራት ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም ፍጆታው 12,800 ሊትር ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት ባለ 10 ሺህ ሊትር ሁለት ሮቶዎች ለአንድ ቀን ተኩል ብቻ ይበቃሉ። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ከመሬት በታች ቢያንስ 38 ሜትር ኪዩብ ማጠራቀሚያና መጠባበቂያ ያለው ፓምፕ ያስፈልጋል። ሕንፃው የራሱ ትራንስፎርመር ተተክሎለታል? የየቤቱ ቆጣሪ ገብቷል ወይስ ነዋሪው ከግንባታው ጊዜያዊ መስመር ነው የሚጠቀመው? ጄኔሬተሩ ሊፍቱንና የውሃ ፓምፑን ያነሣል ወይስ የኮሪደር መብራት ብቻ? «በቅርቡ ይገባል» የሚለው መልስ ለወራት ሲጎተት እናያለን፤ አሥረኛ ፎቅ ያለ ሊፍት የሚወጡ አዛውንት ደግሞ ይህን ጥያቄ ማንም እንዲዘለው አይመክሩም።

የክፍያው አከፋፈል ከዚህ ሁሉ ጋር ይሰናሰል። የክፍያ ቀን በውል ላይ የሚጻፈው በወር ቆጠራ ከሆነ ሥራው ቆሞም ገዢው ይከፍላል። «የአምስተኛው ፎቅ ሶሌታ ሲሞላ»፣ «የብሎኬት ሥራ ሲጠናቀቅ»፣ «የግፊት ሙከራው ሲያልፍ» ተብሎ፣ በአማካሪ መሐንዲሱ ማረጋገጫ ተደግፎ ይጻፍ። የመዘግየት መቀጫው ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ ገዢው ሲያሳልፍ በቀን የሚታሰብ፣ ሻጩ ሲያሳልፍ ግን «ከተመጣጣኝ ጊዜ በኋላ» የሚባል ውል ሚዛን የለውም። የመጨረሻው ክፍያ፣ ከዋጋው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው፣ በሁለት ነገር ይታሰር፤ ለሕንፃው የመጠቀሚያ ፈቃድ በመሰጠቱና ለቤቱ የተለየ ካርታ በገዢው ስም በመውጣቱ። ቁልፍ ተቀብሎ ሙሉውን የከፈለ ሰው ካርታውን ለማግኘት የቀረው መሣሪያ ልመና ብቻ ነው። ካርታ የሌለው ቤት ደግሞ ለባንክ ብድር በመያዣነት አይያዝም፤ ሲሸጥም ዋጋው ይወርዳል። ባለቤትነትን የሚያዛውር ውል በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ፊት መደረጉን፣ ለስም ዝውውሩም የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ እንዳለ አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ነገር እንጨምር። የሚገዙት ባብዛኛው ወይ በክረምት ዕረፍት ወይ ለገናና ለጥምቀት ሲመጡ፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። የክረምቱ ጉብኝት ለመመርመር፣ የጥር ወሩ ለመረከብ ቢውል ሁለቱም ጥቅም ይሰጣሉ። ብዙዎቹ ግን በጥር ያዩትን በጥር ፈርመው ይመለሳሉ። ለዘመድ የሚላከው ውክልና በኤምባሲ ሲዘጋጅ ሥልጣኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ ለመመርመርና ጉድለት ለማስመዝገብ አንድ፣ የመጨረሻ ርክክብ ለመፈረም ሌላ። ዘመድ በቅንነት «ቤቱን ተረክቤያለሁ፣ ጉድለት የለበትም» ብሎ የፈረመው ወረቀት ባለቤቱን ያስራል። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት ስላላቸው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን ከፊርማው በፊት ያውጡ፤ ውሉ ላይ ያለው ስምም ከመታወቂያውና ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይመሳሰል። ገንዘቡ በባንክ በኩል ይላክ፤ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ፍርድ ቤት ሲደረስ ማስረጃ የለውም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጋዜጣችሁ የአፓርታማ ማስታወቂያ ሲቀበል አስተዋዋቂው ስድስት ነገር እንዲያሳትም ይጠይቅልን፤ የካርታውን ቁጥርና የባለይዞታውን ማንነት፣ የግንባታ ፈቃዱን ቁጥርና የተፈቀደውን የፎቅ ብዛት፣ ማስታወቂያው በወጣበት ሳምንት ግንባታው የደረሰበትን ደረጃ፣ ኔት ካሬውን፣ ዋጋው ቫትን ማካተት አለማካተቱን፣ የርክክቡን ቀንና የመዘግየት መቀጫውን። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ ስለወጣ ይህን ለመጠየቅ ጊዜው አመቺ ነው። በሥርዓት የሚሠሩ አልሚዎች እነዚህን መረጃዎች በእጃቸው ይዘዋቸዋል፤ ለማሳተምም አይቸገሩም። ከማስታወቂያው የሚወስደው ቦታ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር
በሕንፃ ግንባታ ቁጥጥርና በውል ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ